የሚነሣው የወደቀው ነው



ባለፈው ክረምት በዚሁ በከተማችን ከአንድ የልቅሶ ቤት ገብቼ ሳለሁ፥ አንድ የተማረ ወጣት ልጇ የሞተባትን ሴት ሲያጽናና ሰማሁ። ወጣቱ ልበ ቅን፥ አነጋገሩም የጣፈጠ ሰው ነው። «እናቴ፥ በመቃብር ስላስቀመጡት ሥጋ አያልቅሱ፤ ሥጋ ያረጀ ልብስ ነው፤ ልጅዎ አውልቆት ሄዷል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም ያመኑት በነፍስ መነሣት ነበር እንጂ፥ ይህ የሥጋ ትንሣኤ የሚሉት ነገር በኋላ ዘመን ጳጳሳት ሥልጣናቸውን ለማጽናት የጨመሩት ትምህርት ነው» አላት። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «የኔታ፥ እርስዎ የቅኔ መምህር ነዎትና ነገሩ ይገባዎታል፤ ሥጋ ሰም ነው፥ ነፍስ ወርቅ ናት፤ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ቢቀልጥ ምን ይጎዳል?» ሲል ጨመረ።

የልቅሶ ቤት የክርክር ሸንጎ አይደለምና ዝም አልሁ። ሴቲቱም ዝም አለች። ነገር ግን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ቀርባ በዝግታ፥ «የኔታ፥ እኔ አስገንዤ የቀበርሁት ልጄን ነው ወይስ የልጄን ልብስ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያን ቀን የመለስሁላት ቃል አጭር ነበር። ዳሩ ግን ወጣቱ የተናገረው ነገር የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከተማሩ ሰዎች አንደበት ደጋግሜ የሰማሁት፥ በመጻሕፍትም ያነበብሁት ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን በሰፊው ልጽፍ ወደድሁ። ነገሩ የውጭ አገር ታሪክ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሕፈት የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባላጋራን ቃል አሳንሶ መርታት የደካማ ተሟጋች ሥራ ነውና፥ አስቀድሜ የወጣቱንና የመሰሎቹን ነገር በሙሉ ኃይሉ ላቅርበው። እነርሱ ሦስት ምስክር ይጠራሉ። የመጀመሪያው ምስክር ቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ፥ የሚነሣው አካል መንፈሳዊ እንደ ሆነ፥ ሥጋና ደምም መንግሥተ ሰማያትን ለመውረስ እንደማይበቁ ያስተምራልና። ሁለተኛው ምስክር በ1945 ዓ.ም. በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ አጠገብ ተቀብረው የተገኙት በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ስሙ ያልታወቀ መምህር ሬጊኖስ ለሚባል ደቀ መዝሙሩ ስለ ትንሣኤ የጻፈው መልእክት ነው፤ ያመነ ሰው ትንሣኤውን ገና በሕይወቱ ሳለ እንደ ያዘ አድርጎ ያስተምራል። ሦስተኛው ምስክር ከራሳችን ቤት የተጠራ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳስባል፤ መጽሐፈ ኩፋሌ የአብርሃምን ሞት ከተረከ በኋላ ስለ ጻድቃን መጨረሻ ሲናገር፥ አጥንታቸው በምድር እንደሚያርፍ፥ መንፈሳቸው ግን ብዙ ደስታ እንደሚያገኝ ይገልጻል እንጂ አጥንቱ ይነሣል ብሎ አይጽፍም።

እነዚህ ምስክሮች የሚናቁ አይደሉም። ከእኛ ወገን አንዳንዱ ሰባኪ እንደሚያደርገው «ይህ የመናፍቃን ነገር ነው» ብሎ ማለፍም መልስ አይሆንም፤ የጠየቀውን ሰው ያስቀይመዋል እንጂ አያስተምረውም። እንግዲህ እውነት የሆነውን አስቀድመን እንመን። በመጀመሪያው ዘመን ክርስቲያን ተብለው ሳሉ የሥጋን ትንሣኤ የማይቀበሉ ሰዎች ነበሩን? አዎን፥ ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ያን ምዕራፍ የጻፈው በቆሮንቶስ የሙታንን ትንሣኤ የሚክዱ ሰዎች ስለ ተነሡ ነው፤ ይህም በ54 ዓ.ም. ግድም ነው። ለጢሞቴዎስ በተጻፈው በሁለተኛው መልእክትም ሄሜኔዎስና ፊሊጦስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ትንሣኤው አስቀድሞ ሆኖ አልፏል በማለታቸው ተነቅፈዋል። ዮስጢኖስ ሰማዕት ደግሞ በ160 ዓ.ም. ግድም ከአይሁዳዊው ከትሪፎን ጋር ስላደረገው ክርክር በጻፈው መጽሐፍ፥ የሙታንን ትንሣኤ ክደው ነፍሳቸው በሞት ጊዜ ወዲያው ወደ ሰማይ እንደምትወሰድ የሚናገሩ ክርስቲያን ነን ባዮች እንዳሉ ይመሰክራል፤ እርሱም እነዚህን ከክርስቲያን እንዳይቈጥሯቸው ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ክርክራችን «ነበሩ ወይስ አልነበሩም» የሚል አይደለም። ክርክሩ፥ የቀደመው ትምህርት የማን ነው? ሐዋርያት ያስተማሩት የትኛውን ነው? የሚል ነው። አንድ ርስት ሁለት ሰዎች ቢከራከሩበት ዳኛው የሚጠይቀው ማን አስቀድሞ እንደ ያዘ ነውና፥ እኛም እንዲሁ እንጠይቅ።

ከሐዋርያት በፊት ወደ ነበረው ዘመን እንመለስ። በእስራኤል ዘንድ ስለ ሙታን ተስፋ አንድ ዓይነት አሳብ አልነበረም። ሰዱቃውያን ትንሣኤን ፈጽመው ይክዱ ነበር፤ ፈሪሳውያን ያምኑ ነበር። መጽሐፈ ዳንኤል በመጨረሻው ምዕራፍ በምድር ትቢያ ያንቀላፉ ሰዎች እንደሚነቁ ያስተምራል። መጽሐፈ ሄኖክም ሊቃውንት 51ኛ ብለው በሚቈጥሩት ምዕራፍ፥ ምድርና ሲኦል የተቀበሉትን አደራ በፍርድ ቀን እንደሚመልሱ ይናገራል። ይህ ምዕራፍ የሚገኝበት የምሳሌዎቹ ክፍል ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ መሆኑን ወጣቶቻችን ሊያውቁት ይገባል፤ የዓለም ሊቃውንት ዛሬም ያን ክፍል ሊያነቡ ሲወዱ የሚመለከቱት የእኛን ብራና ነው። አደራ ደግሞ የሚመለሰው የተሰጠው ራሱ ነው፤ በሬ አደራ የተቀበለ ሰው የበሬውን ጥላ ቢመልስ አደራውን መለሰ አይባልም። ለምድር የተሰጣት አደራ ምንድር ነው? ነፍስ ናትን? ነፍስስ በአፈር ውስጥ አልተቀበረችም።

ስለ ኩፋሌ የተጠየቀውንም አልሸሽም። መጽሐፉ አጥንት በምድር ያርፋል ይላል እንጂ ለዘላለም በዚያው ይቀራል አይልም፤ የሚያርፍ ሁሉ ደግሞ ከዕረፍቱ የሚነሣበት ሰዓት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ከቃሉ በላይ አልናገርም፤ ኩፋሌ በዚያ ስፍራ ስለ አጥንት መነሣት ዝም ብሏል። የአንዱ መጽሐፍ ዝምታ ግን የሌላውን መጽሐፍ ቃል አይሽርም። ኩፋሌንና ሄኖክን በአንድነት የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን አስማምታ፥ ነፍስ እስከ ትንሣኤ ቀን በደስታ ስትቈይ ሥጋ በምድር ያርፋል ብላ ታነባለች። ይህ ንባብ ትክክል መሆኑንና ሐዋርያት የትኛውን ተስፋ እንደ ያዙ ለማወቅ፥ ከራሳቸው ቃል መጠየቅ ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ ፈሪሳዊ ነበር። ከክርስቶስ ወገን ከሆነ በኋላም በኢየሩሳሌም ሸንጎ ፊት ቆሞ፥ የሚከሰሰው ስለ ሙታን ትንሣኤ ተስፋ እንደ ሆነ በመናገሩ ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያን እርስ በርሳቸው እንደ ተጣሉ የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። ነፍስ አትሞትም የሚል ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በአቴና የተቀመጡት ፈላስፎች ባልዘበቱበትም ነበር፤ ይህን አሳብ ከጳውሎስ አራት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አፍላጦን አስተምሮታልና። የአቴና ሰዎች እየሰሙት ቈይተው የሙታንን ትንሣኤ ሲጠራ ጊዜ የሳቁበት፥ በጆሮአቸው እንግዳ የሆነ ነገር ስለ ተናገረ ነው። ያም እንግዳ ነገር የሥጋ መነሣት ነው።

«ታዲያ መንፈሳዊ አካል ማለቱ ስለ ምን ነው?» የሚል ሰው ቃሉን በጽርእ ቋንቋ ይመርምር። ሐዋርያው ሁለት አካል ያነጻጽራል፤ ሁለቱንም «ሶማ» ይላቸዋል፤ ይኸውም አካል፥ ገላ ማለት ነው። የሚዘራውን «ፕሲኪኮን» ሲለው፥ የሚነሣውን «ፕኔውማቲኮን» ይለዋል። ፕሲኪ በጽርእ ነፍስ ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አካል በቀጥታ ሲተረጐም «ነፍሳዊ» ነው። እንግዲህ መንፈሳዊ አካል ማለት ከመንፈስ የተሠራ፥ ሥጋ የሌለበት ማለት ከሆነ፥ ነፍሳዊ የተባለውም ከነፍስ የተሠራ፥ ሥጋ የሌለበት ሊሆን ነው። ነገር ግን ነፍሳዊ የተባለው ይህ አሁን የምንበላበትና የምንታመምበት፥ ወደ መቃብርም የሚወርደው ገላችን ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚያሳየው አካሉ ከምን እንደ ተሠራ ሳይሆን በማን ኃይል እንደሚኖር ነው። አሁን በነፍስ ኃይል ብቻ የሚኖር ገላ ይደክማል፥ ይሞታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ያው ገላ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ሲኖር ድካምና ሞት አያገኘውም። በሰዋስው ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

«ሥጋና ደም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ይህ በዕብራውያን አነጋገር ሟቹን፥ ደካማውን ሰው ማለት ነው። እኛም በአማርኛ «ሥጋ ለባሽ» ስንል ሟች ፍጡር ማለታችን ነው እንጂ ስለ ጡንቻና ስለ ደም ሥር አንናገርም። ጌታም በቂሣርያ ለጴጥሮስ ምስጢሩን ሥጋና ደም እንዳልገለጡለት ሲነግረው፥ ሰው አላስተማረህም ማለቱ ነበር። ደግሞም ወጣቱ ሥጋን ያረጀ ልብስ ብሎ እንደ ተናገረ፥ ሐዋርያውም በልብስ ምሳሌ ይናገራል፤ ዳሩ ግን ምሳሌው ከወጣቱ ምሳሌ ጋር ይጣላል። ጳውሎስ የሚናፍቀው መልበስን ነው፤ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክትም መራቆትን እንደማይፈልግ፥ በላዩ ሌላ መደረብን እንደሚሻ በግልጥ ያስረዳል። ልብሱን አውልቆ ስለ መሄድ የሚያስተምረው ጳውሎስ ሳይሆን አፍላጦን ነው። ወጣቱ የአፍላጦንን ቃል በሐዋርያት ስም ሸጠልን።

«ትንሣኤ» የሚለውስ ቃል ራሱ ምን ይላል? በጽርእ «አናስታሲስ» ዳግመኛ መቆም ማለት ነው። በግዕዝም በአማርኛም ተነሣ የሚባለው ወድቆ ወይም ተኝቶ የነበረ ነው። ነፍስ በሞት ጊዜ አልወደቀችም፤ ሥጋ ግን ወደቀ። የካርታጎው ተርቱልያኖስ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሥጋ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር ከሮማይስጥ ቃል አውጥቶ ተከራክሮበታል፤ በዚያ ቋንቋ ሬሳን የሚጠሩበት ቃል መውደቅ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነውና። ያልወደቀ ነገር ተነሣ ቢባል ቃሉ ይፈርሳል። የነፍስን አለመሞት ብቻ ማስተማር የሚወድ ሰው «ነፍስ ትኖራለች» ይበል እንጂ፥ የእኛን ቃል ወስዶ ትርጓሜውን አይለውጥብን።

ከሐዋርያት በኋላ ወደ መጡት ምስክሮች እንለፍ። የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ፥ ከ98 እስከ 117 ዓ.ም. በነገሠው በትራያኖስ ዘመን ለአራዊት ሊሰጥ ወደ ሮም ሲወሰድ፥ ለሰምርኔስ ምእመናን በላከው መልእክት ጌታ ከትንሣኤው በኋላም በሥጋ እንደ ነበረ፥ ደቀ መዛሙርቱም እንደ ዳሰሱት፥ ከእነርሱም ጋር እንደ በላና እንደ ጠጣ ይናገራል። የሊዮኑ ሄሬኔዎስ በልጅነቱ ፖሊቃርጶስን ያየና የሰማ ሰው ነው፤ ፖሊቃርጶስም ከዮሐንስ እንደ ተማረ ሄሬኔዎስ ራሱ ይመሰክራል። ይህ ሰው በ180 ዓ.ም. ግድም በመናፍቃን ላይ በጻፈው በአምስተኛው መጽሐፍ፥ ያን የ«ሥጋና ደም» ቃል የሥጋን ትንሣኤ የሚክዱ ሰዎች በዘመኑ ይጠቅሱት እንደ ነበር ጽፎ መልስ ሰጥቶበታል። እንግዲህ የዛሬው አዲስ ጥያቄ የ1800 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ መልሱም እንደ ጥያቄው አርጅቷል።

የሬጊኖስን መልእክት ሊቃውንት የሚቈጥሩት ከሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ይህ ከጳውሎስ መልእክት መቶ ዓመት ይልቅ የሚበልጥ ጊዜ ዘግይቶ ማለት ነው። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ በመኖሩ ለእኛ አዲስ ሆነ እንጂ፥ ተቀብሮ መኖሩ ከወንጌል የቀደመ አያደርገውም። ከዚህም ሌላ እነዚያን መጻሕፍት ለምስክርነት የሚጠሩ ሰዎች እስከ መጨረሻው ያነቧቸው እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። በዚያው በናግ ሐማዲ የተገኘው የፊልጶስ ወንጌል የሚባለው መጽሐፍ፥ ሥጋ አይነሣም የሚሉትን ሰዎች ራሱ ይነቅፋቸዋል፤ በዚህ ሥጋ መነሣት እንደሚያስፈልግም ይናገራል፤ ለሥጋ የሚሰጠው ትርጓሜ ከእኛ ቢለይም። የሬጊኖስ መምህርም ደቀ መዝሙሩን ወደዚህ ዓለም ስትገባ ሥጋን ከተቀበልህ ስትወጣስ ስለ ምን አትቀበልም? የሚል አሳብ ያለበት ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ስለዚህም ጥያቄ ትርጓሜ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ምስክር ጠርቶ የምስክሩን ቃል እስከ ግማሽ ብቻ ማሰማት በሸንጎ ነውር ነው።

አሁን ጳጳሳት ሥልጣናቸውን ለማጽናት ጨመሩት ወደ ተባለው ነገር ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነውና። በ177 ዓ.ም. በጋልያ አገር በሊዮንና በቪየን ከተሞች፥ በንጉሡ በማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን፥ በክርስቲያኖች ላይ ጽኑ ስደት ተነሣ። የተረፉት ምእመናን የሆነውን ሁሉ በእስያና በፍርግያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ጽፈው ላኩ፤ መልእክታቸውንም አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በታሪክ መጽሐፉ ጠብቆልናል። በዚያ ከተማ ሥልጣን የነበረው ማን ነበር? ኤጲስ ቆጶሱ ፖቲኖስ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነ፥ ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ ነበር፤ ተደብድቦ በሁለተኛው ቀን በወኅኒ ሞተ። ከሰማዕታቱ ሁሉ ስሟ የገነነው ብላንዲና ባሪያ ነበረች። ይህች ሴት ሥቃይን የታገሠችው የጳጳስ ሥልጣን ይጸና ዘንድ ነውን?

ከሞቱ በኋላ የተደረገው ደግሞ ለክርክራችን ዋና ማስረጃ ነው። አሳዳጆቹ የሰማዕታቱን ሬሳ ለስድስት ቀን በሜዳ አስጥተው፥ ኋላ አቃጥለው፥ አመዱን ጠርገው ወደ ሮን ወንዝ ጣሉት፤ በምድር ላይ ቅሬታ እንዳይኖራቸው ነው። ይህን ያደረጉበትንም ምክንያት ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ የትንሣኤ ተስፋቸውን እንቈርጥባቸዋለን፥ አሁን ይነሡ እንደ ሆነ እናያለን ማለታቸው ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። አረማውያኑ የክርስቲያኖችን እምነት የሚያውቁት ከጎረቤት ሆነው ነው። ክርስቲያኖች የነፍስን መነሣት ብቻ የሚያስተምሩ ቢሆኑ ኖሮ፥ ማን ነው አመድ ጠርጎ ወደ ወንዝ በመጣል የሚደክም? ነፍስን በወንዝ ማስወሰድ አይቻልምና። በዚያው ዘመን ግድም ክርስቲያኖችን በመጽሐፍ የነቀፈው ፈላስፋው ኬልሶስም የተሣለቀው በዚሁ ነው፤ የሥጋን ትንሣኤ መጠበቅ ለትል የሚገባ ተስፋ ነው እያለ። የወዳጅ ምስክርነት ቢጠረጠር የጠላት ምስክርነት አይጠረጠርም።

እስከዚህ በወጣቱ ላይ ጽፌአለሁ፤ አሁን ግን ወደ ራሳችን ወገን ልመለስ፥ ፍርድ ሳላዳላ። ከእኛም ዘንድ የሥጋን ትንሣኤ ሲያስተምሩ ይህ ገላ ከነረኃቡ፥ ከነበሽታው፥ ከነጥፍሩና ከነጠጕሩ ቈጥሮ ይመለሳል እንደ ማለት አድርገው የሚናገሩ አሉ። እንዲህ ያለው ስብከት ነው ብዙ ወጣት ያሳተው። የእስክንድርያው ኦሪጌንስ በሦስተኛው መቶ ዓመት የታገለው ከእንዲህ ያለው አነጋገር ጋር ነበር። ገላ እንደ ወንዝ ሁልጊዜ የሚፈስስ እንደ ሆነ፥ የሰውየው መልክ ግን እንደማይጠፋ፥ በትንሣኤም ይኸው መልክ ወደ ክብር እንደሚለወጥ አስተማረ። ሜቶድዮስ የሥጋን ነገር እጅግ አሳነስህ ሲል ተቃወመው፤ ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስም በ400 ዓ.ም. ግድም የኦሪጌንስን ትምህርት አወገዘ። እኔም ኦሪጌንስ ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ አምናለሁ፤ ዳሩ ግን የሥጋን ትንሣኤ ፈጽሞ ካደ ማለት ሐሰት ነው፤ የጠየቀውም ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

«ጅብ የበላው ሰው እንዴት ይነሣል?» ብለው የሚጠይቁ ልጆች አሉ። እኔ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። በሕፃንነቴ እናቴ ያጠበችው ገላ ዛሬ የት አለ? ጥርሱ ወልቋል፥ ጠጕሩ ተላጭቷል፥ ሥጋውም በእህልና በውኃ ስንት ጊዜ ታድሷል። ሆኖም በግንባሬ ያለው የልጅነት ጠባሳ አልጠፋም፤ እኔም ያው እኔ ነኝ። በሕይወታችን ሳለን እንኳ ይህን ያህል ለውጥ እያለፈ አንዱን ገላ አንድ አድርጎ የሚጠብቅ ፈጣሪ፥ ከሞት በኋላ ጅብም ቢበላው፥ አመዱም በወንዝ ቢወሰድ አይሳነውም። ወንጌል ስለ ጌታ የሚነግረንም ይህንኑ ነው፤ ደጁ ተዘግቶ ሳለ ገባ፥ እንደ ቀድሞው አልነበረምና፤ የችንካሩን ምልክት አሳየ፥ ሌላም አልነበረምና። ያው ሆኖ መለወጥ፥ ተለውጦም ያው መሆን፤ የአምስቱ አዕማደ ምሥጢር መደምደሚያ የሆነው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ይህ ነው።

«ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ይጠቅማል? ነፍስ ከዳነች አይበቃምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ ሰው ኤጲፋንዮስ ዘቆጵሮስ ከሕዝቅኤል ስም ከሚጠራ መጽሐፍ ወስዶ የጻፈልንን ምሳሌ ላስታውሰው። አንድ ንጉሥ ሰውን ሁሉ ለልጁ ሰርግ ጠርቶ አንድ ዕውርና አንድ አንካሳ ብቻ ተዉ። እነርሱም ተቈጥተው ተማከሩና አንካሳው በዕውሩ ትከሻ ተቀምጦ መንገድ እየመራ የንጉሡን የአትክልት ቦታ ዘረፉ። በተያዙም ጊዜ ዕውሩ፥ እኔ አላይም፤ አንካሳው፥ እኔ አልሄድም፤ እያሉ ተማካኙ። ንጉሡ ግን አንዱን በሌላው ላይ እንደ ቀድሞው አስቀምጦ ሁለቱን በአንድነት ፈረደባቸው። ነፍስና ሥጋም እንዲሁ ናቸው፤ አብረው ሠርተዋልና አብረው ይፈረድላቸዋል፥ አብረውም ይፈረድባቸዋል።

እንግዲህ የጾመው ማን ነው? ሰግዶ ጕልበቱ የቈሰለውስ? በግፍ የተገረፈው ጀርባ የነፍስ ጀርባ ነውን? ሥጋ የሚጣል ልብስ ከሆነ፥ ድኻውን የደበደበ ሰው የቀደደው አሮጌ ልብስ ነው፤ ነገ ለፍርድ የሚጠራውም ስለ ጨርቅ ነው። ይህን ትምህርት ጨካኝ ሰው ቢሰማው ደስ ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ጨካኙን እንዲህ ይለዋል፤ የመታኸው እጅ ራሱ በፊትህ ይቆማል፤ ያጎደልህበት ሆድ ይመሰክርብሃል። የሄሬኔዎስም ታላቁ ክርክር ከዚህ አይርቅም፤ የጌታን ሥጋና ደም የተመገበ ገላ እንዴት ለጥፋት ብቻ ተሰጥቶ ይቀራል? ይላል። ጥምቀቱ በሥጋ፥ ቅብዐ ሜሮኑ በሥጋ፥ ቍርባኑ በሥጋ ከሆነ፥ በመጨረሻው ሰዓት ሥጋን ከደጅ ማስቀረት እንግዳን አጥቦ አብልቶ ሌሊት እንደ ማባረር ነው። ሬሳን በክብር መገነዛችን፥ መጽሐፈ ግንዘትን ማንበባችን፥ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን መቅበራችንም ሁሉ ከዚህ ተስፋ የመጣ ነው።

የቀረው የሰምና የወርቅ ነገር ነው፤ ወጣቱ በእኔ ቤት ገብቶ በእኔው ዕቃ መታኝና ዕቃዬን ልመልስ። አንጥረኛ ጌጥ ሊሠራ ሲወድ አስቀድሞ መልኩን በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ በስፍራው ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁ ከጭቃው ሲወጣ መልኩ የማን ነው? የሰሙ ነው፤ በሰሙ ላይ የነበረ አንዲት ጭረት እንኳ በወርቁ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ምሳሌውን ከወደዱት እንዲህ ይባላል፤ ሰም የተባለው ይህ ደካማው ገላ ነው፤ ወርቅ የተባለው ያው ገላ በክብር ሲነሣ ነው፤ መቃብርም ጭቃው ነው። በቅኔም ቢሆን አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል፤ ወርቁን ይዤአለሁ ብሎ ሰሙን ከቃሉ ቈርጦ የሚጥል ተማሪ ቅኔው ይፈርስበታል። እንዲህ ያለውን ተማሪ መምህሩ ወደ ጉባኤ ቃና ይመልሰዋል።

ለወጣቱም ቂም የለኝም። ላጽናና ብሎ ነው የተናገረው፤ ማጽናናት ፈልጎ ሰው የሌለውን ሀብት ሲሰጥ አይቻለሁና አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህን ጽሕፈት ያነበበ እንደ ሆነ ወደ ቤቴ ይምጣ፤ የጽርኡንም የግዕዙንም መጽሐፍ አውጥተን አብረን እናንብብ። የተሳሳትሁበት ነገር ቢኖር በዚሁ ጋዜጣ ያርመኝ፤ አመሰግነዋለሁ።

ለሴቲቱ በዚያን ቀን የሰጠኋትን አጭር መልስ ግን አሁንም አልለውጠውም። «የቀበርሽው ልጅሽን ነው፤ የምትቀበዪውም እርሱኑ ነው» አልኋት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና አለቀሰች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያለቀሰችው የመጀመሪያ ልቅሶ እርሱ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።